የአንባቢያን ጥያቄ፦ ቲሙ ገብቷል፣ መልኩ ግን አልተለወጠም

በዚህ እትም የመለስናቸው ጥያቄዎች ሁሉ የሊነክስ ዴስክቶፕን መልክ ስለ መቀየር ናቸው። ቲም የምንለው የመስኮቶችንና የቁልፎችን መልክ የሚወስን የፋይሎች ስብስብ ነው። የፎልደርና የፕሮግራም ስሞችን እንደ ድምፃቸው በፊደላችን ጽፈናል። ኮምፒውተሩ ላይ የሚጻፉት በላቲን ነው፤ ለይተን ካልተናገርን በስተቀር በትናንሽ ፊደላት።

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ የምማር ተማሪ ነኝ። ላፕቶፔ ላይ ዙቡንቱ 22.04 አለ። ከቤተ መጻሕፍት አንድ ጥቁር ቲምና የአይከን ስብስብ አውርጄ፣ እዚያው ፈትቼ በፍላሽ አመጣኋቸው። ቲሙን ድብቁ ፎልደር ውስጥ ብከተውም ዝርዝሩ ላይ አይታይም። አይከኖቹ ይታያሉ፣ ግን ግማሾቹ ባዶ ወረቀት ሆነው ቀርተዋል። የት ተሳሳትኩ?

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ ስህተቶች ናቸው። ከቲሙ እንጀምር። የወረደ ቲም ሲፈታ ብዙ ጊዜ ፎልደር በፎልደር ውስጥ ሆኖ ይወጣል፤ ውጪኛው ማሸጊያው ነው፣ እውነተኛው ቲም ውስጡ ነው ያለው። ሲስተሙ የሚያየው ደግሞ አንድ ደረጃ ብቻ ነው። የግል ፎልደርዎን ይክፈቱና ኮንትሮልና ኤችን አንድ ላይ ይጫኑ፤ ስማቸው በነጥብ የሚጀምር ድብቅ ፎልደሮች ይወጣሉ። ነጥብ ቲምስ ውስጥ ገብተው ያስገቡትን ፎልደር ሲከፍቱ ወዲያው ‹ጂቲኬ-3.0› እና ‹ኤክስኤፍደብልዩኤም4› የሚባሉ ፎልደሮች መታየት አለባቸው። በነሱ ፋንታ ሌላ አንድ ፎልደር ብቻ ከታየዎት እሱን ቆርጠው ነጥብ ቲምስ ላይ በቀጥታ ይለጥፉት። ‹ጂቲኬ› የሚል ነገር ጨርሶ ከሌለው ግን ያወረዱት ለሌላ ዴስክቶፕ የተሠራ ነው። ለኬዲኢ ፕላዝማ ዴስክቶፕ የተሠራ ቲም የዙቡንቱ ዴስክቶፕ በሆነው ኤክስኤፍሲኢ ላይ አይሠራም፤ ደጋግሞ መሞከር ፓኬጅ ማቃጠል ነው።

የአይከኖቹ ጥፋት የእርስዎ ሳይሆን የፍላሹ ነው። አንድ የአይከን ስብስብ ውስጥ ካለው ብዙው ስዕል አይደለም፤ ወደ ሌላ ስዕል የሚጠቁም አገናኝ ነው። አንዱ የሰነድ ስዕል በብዙ ስም ይጠራል፣ ስሞቹ ሁሉ ወደዚያው አንድ ፋይል ይጠቁማሉ። ፍላሾች ሲሸጡ አብዛኛውን ጊዜ በፋት32 ወይም በኤክስፋት ፎርማት የተደረጉ ናቸው፣ እነዚህ ፎርማቶች ደግሞ ጠቋሚ አይይዙም። ስብስቡ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተፈትቶ ፍላሽ ላይ ሲገለበጥ ስዕሎቹ መጡ፣ ጠቋሚዎቹ መንገድ ላይ ቀሩ። ስለዚህ የታሸገውን ፋይል እንዳለ ይዘው ይምጡ። ነጥብ አይከንስ ውስጥ የሚፈታው እዚያው ላፕቶፕዎ ላይ ነው።

እንዲህም ተደርጎ ባዶ የሚቀር አይከን ካለ በስብስቡ ፎልደር ውስጥ ‹ኢንዴክስ ነጥብ ቲም› የሚባለውን ፋይል በጽሑፍ ማረሚያ ይክፈቱ። ‹ኢንኸሪትስ› ብሎ የሚጀምር መስመር አለ። ስብስቡ የጎደለውን ከየትኛው ሌላ ስብስብ እንደሚበደር የሚናገረው እሱ ነው። እዚያ የተጻፈው ስብስብ ላፕቶፑ ላይ ከሌለ የሚያበድረው የለም፤ እሱንም ይጫኑ።

አሁን ሴቲንግ ውስጥ ‹አፒራንስ› ከፍተው ‹ስታይል› ላይ ቲሙን ሲመርጡ የመስኮቱ ሆድ ይለወጣል፣ አናቱ ግን እንደነበረ ሊቆይ ይችላል። አይደንግጡ። ሆዱን የሚስለው ጂቲኬ የሚባል ላይብረሪ ነው፣ አናቱንና ጠርዙን የሚስለው ሌላ ፕሮግራም፣ ማለትም ዊንዶው ማኔጀሩ ነው። ሴቲንግ ውስጥ ‹ዊንዶው ማኔጀር› ከፍተው ያንኑ ቲም እዚያም ይምረጡ። በአዲሶቹ የኤክስኤፍሲኢ ስሪቶች ተዛማጁን አብሮ የሚመርጥ ማብሪያ ‹ስታይል› ገጹ ላይ አለ። እንዲህም ሆኖ አናታቸውን ራሳቸው የሚስሉ አፖች አሉ፤ እነሱ ዊንዶው ማኔጀሩን አይሰሙም።

የይለፍ ቃል ጠይቀው የሚከፈቱ እንደ ሲናፕቲክና ጂፓርትድ ያሉ ፕሮግራሞች የሚሠሩት በሲስተሙ አስተዳዳሪ ስም ስለሆነ የእርስዎን ድብቅ ፎልደር አያዩም። በአሮጌ መልክ ብቅ ካሉ ቲሙን በአስተዳዳሪ ፈቃድ ‹ዩኤስአር› ውስጥ፣ ‹ሼር› ውስጥ፣ ‹ቲምስ› ወደሚለው ፎልደር ይገልብጡት።

ጥያቄ፦ ቸርችል ጎዳና ላይ የጽሕፈትና የማተም ሥራ እንሠራለን። አንዱን ኮምፒውተር ወደ ሊነክስ ሚንት ኤክስኤፍሲኢ ቀየርነው። የፋይሎቻችን ስም በአማርኛ ነው። ዝርዝሩ ላይ ፊደሉ ደቅቆ ‹ሊ› እና ‹ሌ› አይለዩም፤ መስኮቱ አናት ላይ ደግሞ ተጨማልቆ አይነበብም። ሌላው ኮምፒውተር ላይ ጭራሽ ሁሉም ሳጥን ነው።

መልስ፦ ከሳጥኑ እንነሳ፣ እሱ ቀላል ነው። ሳጥኑን ጠጋ ብለው ቢያዩት ውስጡ አራት ትናንሽ ምልክቶች አሉ። እነሱ የፊደሉ የዩኒኮድ ቁጥር፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደሉን የሚያውቁበት መለያ ናቸው። 1208 ካለ ‹ለ› ነው፣ 1230 ካለ ‹ሰ›። ስለዚህ ፋይሉ አልተበላሸም፤ ጽሑፉ በቦታው አለ፣ የሚስለው ፎንት ነው የሌለው። ከሶፍትዌር ማኔጀሩ ‹ፎንትስ-ኖቶ-ኮር› የሚባለውን ጥቅል ይጫኑ። ኔት ከሌለ የኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ፋይሎች በፍላሽ አምጥተው በግል ፎልደርዎ ነጥብ ሎካል ውስጥ፣ ሼር ውስጥ፣ ፎንትስ የሚባል ፎልደር ፈጥረው ይክተቷቸው። ከዚያ ሎግ አውት ብለው ይመለሱ። በሳጥን ፋንታ የላቲን ፊደልና ምልክት የተደበላለቀበት ጽሑፍ ካገኙ ግን ያ ከዩኒኮድ በፊት በነበረ የአማርኛ ሶፍትዌር የተጻፈ ፋይል ነው። ዴስክቶፑ ላይ የቱንም ፎንት ቢቀይሩ አይስተካከልም፤ ጽሑፉ ራሱ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለበት።

የተጨማለቀው የመስኮት አናት ምክንያቱ ሌላ ነው። ኤክስኤፍሲኢ የመስኮቱን ርዕስ ከመነሻው የሚጽፈው በደማቅ ፊደል በ9 ነጥብ መጠን ነው። ኮምፒውተሩ ለግዕዝ የመረጠው ፎንት አቢሲኒካ ኤስአይኤል ከሆነ፣ እሱ ደማቅ ቅርጽ ለብቻው የለውም። ሲስተሙ ቀጭኑን ፊደል አወፍሮ ደማቅ ያስመስለዋል። ለላቲን ፊደል ይህ ብዙም አይከፋም። የእኛ ‹ጨ› ግን ሦስት እግርና ቀለበቶች ይዞ በዚያች ቦታ ሲወፍር ውስጡ ይደፈናል። ‹ዊንዶው ማኔጀር› ውስጥ የርዕሱን ፎንት ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ደማቅ፣ መጠኑን 11 ያድርጉት። ኖቶ ተስሎ የተሠራ ደማቅ አለው። አቢሲኒካ ለመጽሐፍና ለረጅም ጽሑፍ ግሩም ነው፤ ለ20 ፒክስል ርዕስ ግን የተሠራ አይደለም።

ለፋይሎቹ ስም ‹አፒራንስ› ውስጥ ‹ፎንትስ› የሚለውን ይክፈቱ። ‹ሌ› ከ‹ሊ› የሚለየው እግሩ ሥር ባለች ቀለበት ብቻ ነው። በ10 ነጥብ፣ 1366 በ768 በሆነ ስክሪን ላይ ያቺ ቀለበት ሁለት ሦስት ፒክስል ስለምትሆን ትዘጋና እንደ ሰረዝ ትታያለች። መጠኑን ወደ 12 ከፍ ያድርጉ። ‹ሂንቲንግ› የሚለውን ‹ስላይት› ላይ ያኑሩት። ‹ፉል› ከሆነ እያንዳንዱን መስመር በፒክስል ድንበር ላይ በግድ ያቆማል፣ ይህም የፊደሎቻችንን ዘመም ያሉ መስመሮች ያጣምማል። ፊደሉ ዳር ላይ ቀይና ሰማያዊ ጥላ ካዩ ‹ሰብ-ፒክስል› የሚለውን ያጥፉ ወይም ‹አርጂቢ›ን በሌላ ቅደም ተከተል ይሞክሩ።

ወፍራምና ቀጭን ፊደል ተደባልቆ የሚታያቸው አንባቢዎችም አሉ። የሚሆነው ግዕዝ የያዙ ሁለትና ሦስት ፎንቶች ሲኖሩና አንዱ የጎደለውን ሌላው ሲሞላ ነው። ለምሳሌ ፍሪሰሪፍ የሚባለው ፎንት የግዕዝ ፊደል አለው፣ መልኩ ግን ከኖቶ ጋር አይሄድም። የማይፈልጉትን ማራገፍ ቅንብር ከመጻፍ ይቀላል።

ፊደሉ ሲያድግ ፓነሉ (ሰዓቱና ሜኑው ያሉበት አሞሌ) ላይ ጫፉ የሚቆረጥ ከሆነ የፓነሉን ቁመት ከ24 ወደ 30 ፒክስል ያሳድጉ።

ጥያቄ፦ ካዛንቺስ ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ። ኤክስኤፍሲኢ ፓነል ላይ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ማድረግ ይቻላል? በየቀኑ ስድስት መቀነስ ሰልችቶኛል።

መልስ፦ ይቻላል፣ ምንም ተጨማሪ ፕሮግራም ሳይጫን። የእኛ ሰዓት ከፈረንጆቹ በስድስት ወደ ኋላ ነው፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከዓለም አቀፉ ሰዓት በሦስት ወደ ፊት ናት። ስለዚህ ከዓለም አቀፉ በሦስት ወደ ኋላ ያለ የሰዓት ቀጠና ልክ የሐበሻውን ሰዓት ያሳያል።

የኮምፒውተሩን ቀጠና ግን እንዳይነኩ። ያን ከቀየሩ ኢሜይሉም፣ የፋይሉም ሰዓት፣ የቀጠሮ ማስታወሻውም ስድስት ሰዓት ይዛባል። የሚቀየረው የፓነሉ ሰዓት ብቻ ነው። ፓነሉን ቀኝ ክሊክ አድርገው ሁለተኛ ሰዓት ይጨምሩ፣ እሱን ቀኝ ክሊክ አድርገው ‹ፕሮፐርቲስ› ይክፈቱ። ‹ታይም ዞን› የሚለው ቦታ ላይ ‹ኤትሲ/ጂኤምቲ+3› ብለው በላቲን ይጻፉ። ትልቅ ኢ፣ ትንሽ ቲ፣ ትንሽ ሲ፣ ወደ ቀኝ ያዘመመ ሰረዝ፣ ጂኤምቲ በትልልቅ ፊደል፣ የመደመር ምልክት፣ 3። መሃል ላይ ክፍተት የለም።

ብዙ ሰው የሚስተው ምልክቷን ነው። ወደ ኋላ ከሆነ መቀነስ አይደል ብለው እንዳያስቡ፤ በዚህ የአጻጻፍ ስልት ምልክቱ ይገለበጣል፣ መደመር ማለት ወደ ኋላ ነው። የመቀነስ ምልክት ካደረጉ ሁለተኛው ሰዓት ከመጀመሪያው ጋር አንድ ሆኖ ይቀራል። ስህተቱ የሚታወቀውም በዚሁ ነው።

አቀራረቡን ‹ዲጂታል›፣ ፎርማቱን ‹ከስተም› ያድርጉና የፐርሰንት ምልክት፣ ትንሽ ኤል፣ ሁለት ነጥብ፣ እንደገና ፐርሰንት፣ ትልቅ ኤም (%l:%M) ይጻፉ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን 3:00 ይላል፣ ከምሽቱ 2 ሲሆን 2:00። ከፊቱ ‹ሰዓት› ብለው በአማርኛ መጨመርም ይችላሉ፣ ይቀበላል። የኤኤምና የፒኤም ምልክት አይጨምሩ። በዚህ ሰዓት ላይ ኤኤም ቀኑን በሙሉ፣ ፒኤም ሌሊቱን በሙሉ ስለሚያሳይ የሚያየውን ሁሉ ግራ ያጋባል። ቀንም እዚህ አይጨምሩ፤ የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት ሳይሆን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ነው። ቀኑ በመጀመሪያው ሰዓት ላይ ይቆይ።

የዘመን አቆጣጠሩ ጉዳይ ለብቻው ነው። የሲስተሙን ቋንቋ አማርኛ ማድረግ የፈረንጆቹን ወራት በአማርኛ ይጽፋል እንጂ መስከረምና ጥቅምትን አያመጣም።

የኡቡንቱን ዴስክቶፕ፣ ግኖምን ለሚጠቀሙ፦ የላይኛው አሞሌ ሰዓት ለብቻው ቀጠና አይቀበልም። ‹ክሎክስ› የሚለው አፕ ውስጥ ቦነስ አይረስን ይጨምሩ። ከተማዋ ያለችው በዚያው ቀጠና ነው፤ ሰዓቱን ሲነኩ ከሚወርደው ዝርዝር ውስጥ ትታያለች።

ጥያቄ፦ ሜክሲኮ አካባቢ ያለሁ አንባቢ ነኝ። ከኡቡንቱ 22.04 ወደ 24.04 ተሻገርኩ። ኤክስቴንሽኖቼ በሙሉ ሞቱ። ትዊክስ በሚባለው የመልክ ማስተካከያ አፕ ውስጥ ቲም ስቀይርም ‹ፋይልስ› እና ‹ሴቲንግስ› ንቅንቅ አይሉም።

መልስ፦ ኤክስቴንሽኖቹን፣ ማለትም ዴስክቶፑ ላይ የሚጨመሩትን ትናንሽ ፕሮግራሞች፣ የገደላቸው መሻገሩ ራሱ ነው። 22.04 የሚሠራው በግኖም 42 ነው፣ 24.04 በ46። መሃል ላይ ያለው ግኖም 45 ኤክስቴንሽን የሚጻፍበትን መንገድ ስለለወጠ ለቀድሞዎቹ የተጻፈ ሁሉ እንደገና መጻፍ ነበረበት። ‹ኤክስቴንሽን ማኔጀር› የሚባለውን አፕ ጭነው አንድ በአንድ ለ46 የወጣ ስሪት እንዳላቸው ይዩ። የሌለውን ያራግፉ። የስሪት ቁጥሩን በፋይሉ ውስጥ በእጅ መቀየር ለ45 ድንበር አይሠራም፤ ኮዱ ራሱ አይነሳም።

‹ፋይልስ› እና ‹ሴቲንግስ› የሚሠሩት ሊብአድዋይታ በሚባል ላይብረሪ ነው። ይህ ላይብረሪ ከውጭ ቲም እንዳይቀበል ተደርጎ የተሠራ ነው፤ የሚሰማው ጥቁር ወይስ ነጭ የሚለውንና ኡቡንቱ የጨመረለትን የቀለም ምርጫ ነው። ትዊክስ ውስጥ የቲሙ ምርጫ ‹ሌጋሲ አፕሊኬሽንስ› መባሉም ለዚህ ነው፤ የሚነካው የድሮዎቹን አፖች ብቻ።

በግድ ካሉ መንገድ አለ። ቲሙ ውስጥ ‹ጂቲኬ-4.0› የሚባል ፎልደር ካለ በውስጡ ያለውን ሁሉ በግል ፎልደርዎ ነጥብ ኮንፊግ ውስጥ ወዳለው ‹ጂቲኬ-4.0› ይገልብጡ። ከሌለ ይፍጠሩት። ግን ልብ ይበሉ፦ ከዚህ በኋላ ትዊክስ ላይ ሌላ ቲም ቢመርጡም እነዚህ አፖች ያንኑ ይዘው ይቀራሉ። አፕዴት መጥቶ ቁልፎች ቦታቸውን ከሳቱ ወይም ጽሑፍ ከጀርባው ጋር ከተመሳሰለ የገለበጡትን ማጥፋት ነው፣ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። በእኛ አስተያየት ግን ግኖም ላይ ጥቁሩንና የሚወዱትን ቀለም መርጦ አይከኑን ብቻ መቀየር ይበቃል። መልኩን ከሥሩ መንቀል የሚወድ ሰው በኤክስኤፍሲኢ ወይም በፕላዝማ ይሻለዋል፤ እዚያ ከሲስተሙ ጋር ትግል የለም።

ጥያቄ፦ ስታዲየም አካባቢ ነኝ፣ ዙቡንቱ 22.04። የመግቢያው ስክሪን ላይ ፎቶዬን መረጥኩ፣ ሲነሳ ግን ጥቁር ነው።

መልስ፦ ፎቶው ግል ፎልደርዎ ውስጥ ነው አይደል? የመግቢያውን ስክሪን የሚስለው እርስዎ ሳይሆኑ ላይትዲኤም የሚባል ሌላ ተጠቃሚ ነው። ከኡቡንቱ 21.04 ጀምሮ አዲስ የሚፈጠር የግል ፎልደር ለሌላ ተጠቃሚ ዝግ ነው፣ ስለዚህ ፎቶውን ማንበብ አይችልም። ፎቶውን በአስተዳዳሪ ፈቃድ ‹ዩኤስአር›፣ ‹ሼር›፣ ‹ባክግራውንድስ› ውስጥ ይገልብጡ፣ ፋይሉን ማንም እንዲያነበው ይፍቀዱ፣ ከዚያ ይምረጡ። የግል ፎልደሩን ለሁሉም መክፈትም ይሠራ ነበር፤ ለአንድ ፎቶ ብሎ በሩን መገንጠል ግን አይመከርም።

ጥያቄ፦ ስድስት ኪሎ ተማሪ ነኝ። ፕላዝማ ላይ ከሴቲንግ በቀጥታ ቲም ማውረድ አደጋ አለው ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ እንደሚያወርዱት ዓይነት ይለያያል። የቀለም ስብስብ፣ አይከን፣ የማውስ ጠቋሚና ፎቶ ዳታ ናቸው። ‹ግሎባል ቲም› የሚባለው ግን በውስጡ የሚሠራ ኮድ ሊይዝ ይችላል፤ ፓነል ላይ የሚቀመጡ ዊጄቶችም እንዲሁ። በመጋቢት 2024 በፈረንጆቹ አቆጣጠር አንድ ተጠቃሚ ያወረደው ግሎባል ቲም ፋይሎቹን ሰርዞበት ኬዲኢ ራሱ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ኮዱ የተጻፈው ለክፋት ላይሆን ይችላል፣ ውጤቱ ግን ያው ነው። ስለዚህ የመመረቂያ ጽሑፍዎ ያለበት ላፕቶፕ ላይ ግሎባል ቲም ከማውረድዎ በፊት ፋይሎቹን ሌላ ቦታ ይገልብጡ፤ ወይም ቀለሙን፣ አይከኑንና ጠቋሚውን ለየብቻ መርጠው ያንኑ መልክ ያግኙ።

ጥያቄ፦ ለገሃር ነኝ። ላፕቶፔ 4 ጊጋባይት ራም ነው ያለው። ቲም ያዘገየዋል? ደግሞም ስነካካ የኤክስኤፍሲኢ ፓነሌን አጠፋሁት።

መልስ፦ ቲም አያዘገይም። የሚከብደው ጥላና ግልጽነት የሚስለው ኮምፖዚተር፣ የሚንቀሳቀስ ዋልፔፐርና ያለ ልክ ትልቅ ፎቶ ነው። ከካሜራ የወጣ 6000 በ4000 ፒክስል የሆነ ፎቶ ሲከፈት 96 ሜጋባይት ይሆናል፤ 1366 በ768 ተደርጎ ቢቀነስ 4 ሜጋባይት ገደማ ነው፣ ስክሪኑ ላይ ልዩነቱ አይታይም። ኮምፖዚተሩን ‹ዊንዶው ማኔጀር ትዊክስ› ውስጥ ማጥፋት ይቻላል። ካጠፉት በኋላ ቪዲዮ ሲታይ ምስሉ በአግድም የሚቀደድ ከሆነ መልሰው ያብሩት።

ፓነሉን ለመመለስ አልትና ኤፍ2ን ተጭነው ‹ኤክስኤፍሲኢ4-ፓነል› ብለው ይጻፉ፣ ኢንተር። ተዘግቶ ብቻ ከሆነ ወዲያው ይመጣል። ተሰርዞ ከሆነ ‹ፓነል ፕሮፋይልስ› የሚለውን ይክፈቱ፣ ከሌለ ይጫኑት። ከተዘጋጁት አቀማመጦች አንዱን መርጠው ይተግብሩ። ከዚያ በሚፈልጉት መንገድ ሲያስተካክሉት እዚያው አፕ ውስጥ በስም ያስቀምጡት፤ ፋይሉን ወደ ፍላሽ ማውጣትም ይቻላል፣ ይህኛው በፋት32 ላይ ምንም አይሆንም።